ከጉቱ ቀጥሎ ያለው ስም

አዳማ ውስጥ ልጁን የሚድር ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት አቶ ምልኬሳን ያስጠራ ነበር። ሁለቱ ልጆች በሥጋ ይገናኙ እንደሆን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋላ! ሌሎቹ ሽማግሌዎች አራተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ማሳል ይጀምራሉ፤ አንዱ «ቱፋ ነው መሰለኝ» ሲል ሌላው «ኧረ ኦዳ ነው» ይላል። አቶ ምልኬሳ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው ላይ እያሳለፉ፣ የአርሲውንም የሸዋውንም ትውልድ እንደ አባታችን ሆይ ያወርዱታል።

በሙያቸው አናጢ ናቸው። ወጣትነታቸውን መቂ ላይ የቲማቲም ሳጥን ሲመቱ አሳልፈው፣ በኋላ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ገብተው በርና መስኮት ሲሠሩ ጸጉራቸው ሸበተ። በሳጥኑም በመስኮቱም ስማቸውን የሚያነሳ አልነበረም። ያስከበራቸው ቆጠራው ነው። ሰርግ ቤት ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፤ ከመቂና ከአቦምሳ ድረስ ስልክ ይደወልላቸዋል። እሳቸውም ክብር አይጠሉም፤ ማንስ ይጠላል?

ደግሞ ጥብቅ ነበሩ። ዘመናይና ማናሴ የሚባሉ ልጆች ቀለበት ካሰሩ በኋላ አምስተኛው ቤት ላይ አንዲት አያት አገናኝታቸው ተገኘች። አቶ ምልኬሳ «አይሆንም» አሉ። ልጅቷ እግራቸው ላይ ወድቃ ብታለቅስም፣ «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም የከለከልኩሽ፤ ደሙ ነው» ብለው ጋብቻውን አፈረሱት። ማናሴ ሐዋሳ ሄዶ ሌላ አገባ። ዘመናይ ግን እስከ ዛሬ አላገባችም፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ አቶ ምልኬሳ በሱቋ በር ሲያልፉ አሁንም ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ሰላም ትላቸዋለች።

እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ የራሳቸውን ልጅ ሲድሩ የዋሹት።

ውሸቱ የሚጀምረው ከአባታቸው ነው። አባታቸው ጉቱ ይባላሉ፤ ጉቱ ሰንበታ። ሰንበታ መቂ አጠገብ ሰፊ መሬት የነበራቸው፣ ልጅ ግን እግዜር ያልሰጣቸው ሰው ነበሩ። ስለዚህ አቦምሳ ያሉ ሁንዴ የሚባሉ ወዳጃቸው የመጨረሻ ልጃቸውን በጉዲፈቻ ሰጧቸው። ያ ሕፃን ጉቱ ነው። በባህሉ የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ልጅ ነው፤ ርስቱም ስሙም የዚያ ቤት ነው፤ የወላጁ ስም ከዚያ ወዲያ አይነሳም። ጉቱ ራሳቸው እውነቱን የሰሙት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው።

ሊሞቱ ሲሉ ምልኬሳን ብቻቸውን አስጠርተው፣ «ስሜ የሰንበታ ነው፤ ደሜ ግን የሁንዴ ነው» አሏቸው። «ይህን ለሰው አታውራ፤ ያሳደገኝን ሰው ስም አታሳንስ። ግን ልጆችህ ከሁንዴ ቤት እንዳይጋቡ። በዚያ ቤት ደግሞ ደህና ሲሄዱ ኖረው ቁጭ ብለው የሚቀሩ አሉ። አንዷ አክስቴ እንደዚያ ነበረች።»

ምልኬሳ «እሺ» አሉ። «እሺ» ማለት ምን ይከብዳል?

ዓመታት አለፉ። ባንክ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ቢሊሴ አንድ ጋሮምሳ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደደች። ጨዋ፣ ትሑት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጅ። የልጁ ሽማግሌዎች መጥተው ሳሎን ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ቆጠራ የወንዱ ወገን ያዘ፤ «ጋሮምሳ፣ ቀነዓ፣ በዳሳ፣ ሁንዴ…»

የአቶ ምልኬሳ አውራ ጣት ቆመ። «ሁንዴ የየት አገር ሰው ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«የአቦምሳ» አሏቸው።

በዳሳ ማለት የአባታቸው ወንድም ነው። የልጁ አባት ቀነዓ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያጎታቸው ልጅ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት የአቦምሳ ሽማግሌዎች ሞተው አልቀዋል፤ ከዚያ ሳሎን ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ቢሊሴ ከጓዳው በር ኋላ ቆማ እንደምትሰማም ያውቃሉ።

መናገር ነበረባቸው። ለመናገር ግን፣ «እኔ ስቆጥረው የኖርኩት የሰንበታ ዘር የሥጋዬ አይደለም» ማለት ያስፈልጋል። ለዚያ ሁሉ ሰው ቤት ደም ሲመረምር የኖረ ሰው፣ የራሱ ሐረግ ከሦስተኛው ስም ላይ የተቀጠለ መሆኑን በአደባባይ ሊያወጣ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የልጃቸውን ደስታ ላለማበላሸት እንደሆነ ለራሳቸው ነገሩት። የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ነው፣ ባህሉም የሚለው ይኸንኑ ነው ብለው ሌላም ነገሩት። እውነቱን ለመናገር ግን ያፈሩት ለራሳቸው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወረዱ፤ «ቢሊሴ፣ ምልኬሳ፣ ጉቱ፣ ሰንበታ፣ ቱፋ…» ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ «አይገናኙም» አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ከጓዳ እልልታ መጣ።

አያንቱ በዓመቱ ተወለደች። እስከ ስምንት ዓመቷ እንደ ማንኛዋም ልጅ ሮጠች፣ ገመድ ዘለለች። ከዚያ በእግሯ ጣቶች መራመድ ጀመረች። ሲቆይ መውደቅ አመጣች። ወለል ላይ ተቀምጣ ለመነሳት ስትፈልግ በገዛ ጭኖቿ ላይ እጆቿን እየተከለች፣ በራሷ ላይ እንደምትወጣ ሆነች። ወጌሻ አሻት፣ ቫይታሚን ዋጠች፣ ተጸለየላት። ምንም የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ጥፋተኛ መፈለጉ አይቀርም፤ ጥፋተኛውም ብዙ ጊዜ እናት ናት። የጋሮምሳ እናት ወይዘሮ ሽታዬ ክፉ ሴት አይደሉም፤ አፋቸው ግን አያርፍም። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይሉ ነበር፤ ቆይተው ደግሞ ልጃቸውን ለብቻው ይዘው፣ «ከሌላ ጤነኛ ሴት አንድ ልጅ ብታገኝ ምን አለበት?» ማለት ጀመሩ። ቢሊሴም ሰማች። እሷም ራሷን የምትከስበት አላጣችም፤ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች የባንኩ ደረጃ ላይ ወድቃ ነበር። ያኔ ሐኪሙ ፅንሱ ደህና ነው ብሏት ነበር፤ ልጅቷ ስትታመም ግን ያ ደረጃ ተመልሶ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አባቷ የአናጢ ሱቅ መጥታ ሳንቃ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ያን ቀን ባልወድቅ ኖሮ ልጄ ትሮጥ ነበር አይደል፣ አባባ? እኔ ነኝ አይደል?»

አቶ ምልኬሳ መላጊያቸውን እንደያዙ ቆሙ። የአባታቸው ቃል ጆሮአቸው ላይ ደወለ፤ ደህና ሲሄዱ ኖረው ቁጭ ብለው የሚቀሩ አሉ። ሐኪም አይደሉም፤ እርግጠኛም አልነበሩም። ግን ሆዳቸው ያውቅ ነበር።

«እግዜር ያውቃል ልጄ» አሏት።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሳቸው በዚያን ቀን የሠሩትን መስኮት በሚቀጥለው ቀን አፍርሰው እንደገና ሠሩት፤ አራቱም ማዕዘን ጠምሞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዕዳቸውን በሌላ በኩል መክፈል ያዙ። አያንቱ ከእኩዮቿ ጋር መሮጥ ስላቃታት ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ዘንድ ትውላለች። አካኮ ነው የምትላቸው፤ አያት ማለት ነው። ትውልድ መቁጠር አስተማሯት። ሴት ልጅ ቆጣሪ ሆና አታውቅም የሚሉትን ሽማግሌዎች «ዝም በሉ!» ብለው አሸማቀቋቸው። ልጅቷም ጭንቅላቷ እሳት ነው፤ የአባቷን ሰባት፣ የእናቷን ሰባት፣ አንድ ሳታስት ትወርደዋለች። የእናቷን ስትቆጥር «…ጉቱ፣ ሰንበታ» ባለች ቁጥር አቶ ምልኬሳ ሚስማር የሚፈልጉ መስለው ጎንበስ ይላሉ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ዶክተር ትህትና የምትባል ወጣት የነርቭና የጡንቻ ሐኪም በወር አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አዳማ እየመጣች ማከም ጀመረች። አያንቱን አስነሥታ፣ አስቀምጣ፣ የትከሻዋን አጥንት ዳሰሰች። ከዚያ ትንሽ ደም ወስዳ ዘረ መሏ ፊደል በፊደል ወደሚነበብበት ውጭ አገር ላከችው። መልሱ በስምንት ወሩ መጣ። ቢሊሴ፣ ጋሮምሳ፣ አያንቱና አቶ ምልኬሳ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ።

«የእያንዳንዱ ሰው ዘረ መል በሁለት ቅጂ ነው ያለው» አለች ዶክተሯ። «አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል፤ ሰውየው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። አያንቱ ጋ ግን ሁለቱም ቅጂ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል። ጡንቻ በሥራ ሲጎዳ የሚጠግነው ነገር ሰውነቷ ውስጥ በደንብ አይሠራም።»

«መድኃኒት አለው?» አለ ጋሮምሳ።

«የሚያድን ገና የለም። ግን በሽታው ከታወቀ የማይሆናትን እንተዋለን፤ እሽቱን፣ ከባድ ስፖርቱን። ልቧንና ትንፋሿንም እንከታተላለን።» ወረቀቱን ገለጠች። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስህተቱ ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኙ ያለው ጽሑፍም ረጅም ርቀት ድረስ በሁለቱም ቅጂ አንድ ነው። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እናትና አባት ከአንድ አያት ሲወርሱት ነው። ዝምድና አላችሁ?»

ጋሮምሳ ሳቀ። «እኛ? ቆጣሪያችን እኮ እዚሁ ተቀምጠዋል!»

ሁሉም ወደ አቶ ምልኬሳ ዞሩ። አያንቱ ደግሞ በኩራት፣ «አካኮ አዳማን ሙሉ ነው የሚቆጥረው» አለች።

አሁን ነበር ሰዓቱ። አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን «ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ፤ አይገናኙም» የሚለው ነበር። ድምፃቸውም ያው የሰርግ ቤቱ ድምፅ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ በላይ ያሳፈራቸው ይኸው ነው።

ዶክተሯ ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች። «እንግዲያው ምናልባት ናሙናው ከሌላ ልጅ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። በዚህ ውጤት መወሰን አልችልም። በሚቀጥለው ወር ከሦስታችሁም ደም ወስደን እንደገና እንልካለን። ሌላ ሰባት ስምንት ወር መጠበቅ ነው።»

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ቢሊሴ ቀስ ብላ፣ «እኔ ድሮም አውቄዋለሁ» አለች። «ማሽኑ ምን ያግኝ? መውደቅ በደም አይታይም።» አቶ ምልኬሳ አቧራውን የሚሸሹ መስለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በዚያ ወር ገበያ ሲሄዱ በዘመናይ ሱቅ በኩል አላለፉም፤ ዞረው በእህል ተራ ነበር የሚሄዱት። ያቺ ሴት ብድግ ብላ ሰላም ስትላቸው ምን ፊት ያሳዩዋት?

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ ሽታዬም ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው መጡ። የቢሊሴና የጋሮምሳ ደም ቶሎ ተቀዳ። የአያንቱ ግን አልገኝ አለ። ክንዷ ቀጥኗል፤ ነርሷ አንዴ ወጋቻት፣ አልወጣም። ቦታ ቀይራ ወጋቻት፣ አልወጣም። ወይዘሮ ሽታዬ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «የእናት ጥፋት በልጅ…» ብለው ጀምረው ተዉት። ቢሊሴ ሰምታለች፤ ቀና አላለችም። የልጅቷን ራስ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ» ትላለች።

ነርሷ በሌላው ክንድ ላይ ማሰሪያውን ስታጠብቅ አያንቱ ጥርሷን ነክሳ አያቷን ፈለገች። «አካኮ፣ ቁጠርልኝ። ስትቆጥርልኝ አያመኝም።»

አቶ ምልኬሳ ተነሡ። «ተዪው ልጄ፣ አትውጊያት» አሏት ነርሷን።

«አባባ፣ ትንሽ ነው የቀራት…» አለች ቢሊሴ።

«አትውጊያት አልኩ! ደሙ አልተቀላቀለም። የመጀመሪያው ውጤት ልክ ነው።» አግዳሚው ወንበር ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ዶክተሯን ጠራቻት። አቶ ምልኬሳ በሁሉም ፊት፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ተናገሩ፤ የአቦምሳውን ሁንዴን፣ በጉዲፈቻ የተሰጠውን ሕፃን፣ የአባታቸውን አደራ፣ ቁጭ ብላ የቀረችውን አክስት፣ ሳሎን ውስጥ ጣታቸው የቆመባትን ቅጽበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ላይ የጠራው ግን አሥራ አምስት ዓመት አድሮ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በጨለማው ውስጥ ያቆሟት ልጃቸውን ነበር።

ዶክተሯ ወደ ቢሊሴ ዞራ፣ «ከመውደቅሽ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» አለቻት። «ከእናንተ ማንም ይህን ስህተት አልሠራም፤ ከአንድ አያት በሁለት መንገድ የመጣ ነው። በአንቺም አለ፣ በባለቤትሽም አለ። ዝምድና የሌላቸው ሰዎችም ይገጥማቸዋል። የእናንተንም ደም እናይና እናረጋግጣለን፤ አሁን ግን የልጅቷን ክትትል ዛሬ መጀመር እችላለሁ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጡት። «በእኛም በኩል ነው ማለት ነው?» አሉ። ጋሮምሳ የሚስቱን እጅ ያዘ።

ቢሊሴ አላለቀሰችም። አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። «ሱቅ መጥቼ ስለ ደረጃው ስጠይቅዎ ምን ብለውኝ ነበር?»

አቶ ምልኬሳ አስታወሱ።

«እግዜር ያውቃል ነበር ያሉኝ» አለች ቢሊሴ። «እግዜር ብቻ አልነበረም የሚያውቀው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። ሳንቃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አንዲት ስም ብቻ ነበረች የምታስፈልጋት። ያቺን ስም ነፍገው ስንት መስኮት ሠሩ፣ ስንት ሰርግ መረቁ፣ ስንት ጊዜ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ! «ይቅር በዪኝ» ማለት ፈለጉ፤ ቃሉ ግን ለዚህ ነገር አነሰባቸው።

ዶክተሯ የቤተሰቡን ሐረግ የምትስልበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ። ይሄኔ አያንቱ፣ ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች፣ «እኔ ልሙላው!» አለች። ቆጠራ የእሷ ሥራ ነዋ! በአባቷ በኩል ያለውን ራሷ እየቆጠረች ጻፈችው፤ ጋሮምሳ፣ ቀነዓ፣ በዳሳ፣ ሁንዴ፣ ጂማ፣ ዋቆ። ከዚያ እስክሪብቶውን በእናቷ በኩል አስጠግታ አያቷን ጠበቀች።

«ቢሊሴ» አሉ አቶ ምልኬሳ። «ምልኬሳ… ጉቱ…»

ስትማር ሲጠፋባት እሳቸው ሹክ ይሏት እንደነበረው፣ እሷም ከልምድ ዝቅ ብላ «ሰንበታ» አለቻቸው።

«አይደለም ልጄ። ሁንዴ።»

አያንቱ በወረቀቱ ማዶ ያለውን ስም አየች። በጣቷ ተከተለችው። «የአባዬ ሁንዴ?»

«እሱ ራሱ።»

ከጉቱ ተነስታ በወረቀቱ ላይ አግድም እስከ ሁንዴ ድረስ መስመር አሰመረች፤ ጥንቅቅ አድርጋ። ከዚያ ሳቀች፤ ሌላ ማንም አልሳቀም።

«እንግዲያ ከሁንዴ ወዲያ ያለው አንድ ነዋ!» አለች። «ታዲያ አካኮ፣ ያን ሁሉ ቀን ለምን ሁለት አድርገህ አስጠናኸኝ?»

አቶ ምልኬሳ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ እስክሪብቶውን እንደያዘች መልሱን ትጠብቅ ነበር።